አልትራሳውንድ ወይስ የመርፌ ናሙና?
ከዓመታት በፊት በሜላኖማ (ቀለም ከሚሠሩ ሕዋሳት በሚነሳ ካንሰር) ምክንያት አንድ ዓይናቸው የወጣ የደሴ እናት ዛሬ ጡታቸው ላይ እብጠት ቢያገኙ ከምን ይጀምሩ?

አልትራሳውንድ ፈጣን ነው፣ አያምም። የዓይን ውስጥ ሜላኖማ በደም ተጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ጉበት ላይ ስለሚያርፍ፣ ጉበትን ለማየትም ይጠቅማል። የእብጠቱን ምንነት ግን በእርግጠኝነት አይነግረንም።

የመርፌ ናሙና (ከእብጠቱ በመርፌ ጥቂት ወስዶ መመርመር) ያስፈራል፣ ውጤቱም ያስጠብቃል። እብጠቱ ከዓይኑ ሜላኖማ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ጡት ደግሞ ለሜላኖማ ያልተለመደ ቦታ ስለሆነ፣ ግን እኔ ወደ ናሙናው አደላለሁ። በናሙናው ላይ የሚደረጉት ኤችኤምቢ-45 እና ሜላን-ኤ የተባሉት የማቅለሚያ ምርመራዎች ሜላኖማን ከጡት ካንሰር ለመለየት ይረዳሉ፤ የሁለቱ ሕክምና ደግሞ በጣም ይለያያል።

እናታችንን «አብሽሪ» ብለን ብቻ አንሸኛቸው። የዓይናቸውን ታሪክ ለሐኪሙ ይንገሩልን፤ ይህ በሽታ ከ10 ዓመት በኋላም ብቅ ሊል ይችላል።