በቢጫ ካርድ ደብረ ብርሃን ላይ የገዛሁት ቤት፦ ከዓመት በላይ ከኖርኩበት በኋላ

ፍርዴን ላስቀድም። ሊኖሩበት ከሆነ ይግዙ፤ ዶላር ሊያስቀምጡበት ከሆነ ይቅርብዎ።

ቤቱ ጠባሴ አካባቢ ነው። የብሎኬት፣ ሦስት መኝታ፣ ከጓሮው ሰርቪስ ያለው፣ ቦታው በሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ) የተያዘ። እኔ ትውልዴ መንዝ ነው፣ ፓስፖርቴ ግን የአሜሪካ። በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ስለሚቆጠር፣ በተወለድኩበት አገር በሕግ የውጭ ዜጋ ነኝ ማለት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 390 ደግሞ የውጭ ዜጋ እዚህ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ይብሳል፤ በቅን ልቦና እንኳ ይዞ የተገኘ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይገደዳል። ከዚህ ሁሉ የሚያወጣው በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ነው። ቢጫ ካርድ የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው ቤት በስሙ ማድረግ ይችላል። መምረጥና መመረጥ አይፈቀድለትም፤ መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ ውስጥም አይቀጠርም።

ካርዱ እንደተባለው ሠርቷል። ውል ስንፈራረምም ሆነ ስም ሲዛወር ካርዱን አይቶ ፊቱን ያጠቆረ ሠራተኛ አላጋጠመኝም። ውጭ ያለን ሰዎች በጣም የምንፈራው ይህን ነው፤ እኔ ያየሁት ፈተና ግን ሌላ ነው፤ መሬቱ።

መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ያሰረው ነገር ነው። የሚገዛው በላዩ ያለው ቤትና በቦታው የመጠቀም መብት ነው። ይህን ሁሉም ሰው በቃል ያውቀዋል፤ ቤት ሲያይ ግን ይረሳዋል። ደላሎች «ነባር ይዞታ ነው፣ ሊዝ የለበትም» እያሉ፣ ቦታው ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ ነው ለማለት፣ ዋጋ ይሰቅላሉ። ለሻጩ እውነት ነው። ለገዢው ግን፣ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ይገባል። ስለዚህ «ነባር» ለሚለው ስም ተጨማሪ ብር አይክፈሉ። እኔ መጀመሪያውኑ የሊዝ የሆነውን መረጥኩ፤ ቀሪ ዕዳው ስንት እንደሆነ በወረቀት ይታያል። ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ከሻጩ የተረፈው ለእኔም ለልጆቼም ይበቃል። የሊዝ ውሉንና የየዓመቱን ክፍያ ደረሰኝ ሳያዩ ግን ቀብድ እንዳይሰጡ። ያልተከፈለው ዕዳ ከቤቱ ጋር ነው የሚመጣው።

ሌላው ፈታኝ ርካሹ ነው። ከከተማው ዳር «ካርታ ባይኖረውም ግድ የለም ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል» የሚል ደላላ አይጠፋም። ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ፣ ሌሊት ሌሊት የተሠራ የጨረቃ ቤት ነው። እንኳን ቢጫ ካርድ የያዝኩት እኔ፣ ከዚያው የማይወጣው ጎረቤቴም አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መሆን እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1723 ይደነግጋል፤ ሦስት ሽማግሌ ቢፈርምበትም ያንን አይተካም። የእኛ ሻጭ ባለትዳር ስለነበሩ ባለቤታቸውም ቀርበው ፈርመዋል። ሻጩ ላጤ ነኝ ካለ ያላገባ ማስረጃ ይጠይቁ፤ አያፍሩ።

ውክልናውን የሰጠሁት ለአክስቴ ነው። ለመግዛት፣ ለመክፈልና ለማስተዳደር የሚል ብቻ አስጻፍኩ፤ መሸጥና በመያዣ ማስያዝ እንዳይገባ አልኩ። አክስቴን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። «ልጄ፣ ለኔም ይኸው ይሻለኛል፤ ነገ ማንም ጣቱን አይቀስርብኝ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ቆንስላ የተሰጠ ውክልና አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ለዚህ ጊዜ ይያዙ።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ፣ ቤቱን የገዛሁት ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የቤቱ ዋጋ በብር ወጥቷል፤ ወደ ዶላር ሲመለስ ግን የወጣው ሁሉ ይቀልጣል። ዓመታዊው የሊዝ ክፍያ በብር ስለሆነ ለእኔ ቀለለኝ፤ ያው መጽናኛ ነው። መንገዱ ሲታወክ ደግሞ ገዢ ራሱ ይጠፋል። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ሰላም ሲሆን ቅርብ ናት፣ ሳይሆን ግን ሩቅ።

የኢትዮጵያ የትውልድ ሐረግ ለሌለው የውጭ ዜጋም ቤት እንዲኖረው የሚፈቅድ አዲስ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ቢያንስ 150,000 ዶላር ማውጣት ይጠበቅበታል። እዚህ ጠባሴ ያን ያህል የሚያወጣ ቤት ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። የኔ ልጆች አያታቸው ኢትዮጵያዊ ስለሆኑ በቢጫ ካርዱ በኩል መሄድ ይችላሉ፤ አሁኑኑ እንዲያወጡ እየጎተጎትኳቸው ነው። እኔ ከሞትኩ በኋላ የሚጀመር የወረቀት ሩጫ አልወድም።

ስለ ቤቱ ስለ ራሱ? ብርዱ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካ የታወቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል፤ ብሎኬቱም ቅዝቃዜውን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ውስጥ ይልካል። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ያለው ክፍል መኝታ ይሁን፤ ሳሎን አያድርጉት። ኮርኒስ የሌለውን ቤት በዋጋ ይከራከሩበት። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ትልቅ ሮቶ ያስፈልጋል፤ ሻጩ «ይዤው እሄዳለሁ» እንዳይል ውሉ ላይ ይጻፍ። ሰርቪሱን ፋብሪካ ለሚሠሩ ሁለት ወጣቶች አከራይቼዋለሁ፤ ኪራዩ የዘበኛውን ደመወዝ ይሸፍናል፤ የሊዙን ግን ገና አይደርስበትም።