በደሴና በኮምቦልቻ የሚሸጠውን የ«ኢፕክረስ ፋይል» ሳጥን አትግዙ

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በቴሌግራም የሚሸጥ አንድ የፊልም ሳጥን አለ። «ዘ ኢፕክረስ ፋይል፣ የሰብሳቢዎች ልዩ እትም፣ ፎር ኬ ብሉ ሬይ» ይላል። ብሉ ሬይ ከዲቪዲ ብዙ እጥፍ የሚይዝ ዲስክ ነው፤ ፎር ኬ ደግሞ በጣም ጥርት ያለ ምስል ማለት ነው። 6,500 ብር ነው የሚሉት። አትግዙት። ውስጡ ያለው ፎር ኬ አይደለም፣ ብሉ ሬይም አይደለም። ባዶ ዲቪዲ ላይ በርን የተደረገ ኮፒ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፊልሙ ራሱ ተቆርጧል።

እኔ ደሴ ውስጥ ዴክና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ሳጥኑን ያየሁት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ይዘውት መጥተው ነው። እኒህ ሰው ድሮ አዲስ አበባ ሲማሩ ከሲኒማ ቤት አይጠፉም ነበር። በስንት ዓመት ያጠራቀሙት ካሴትና ዲቪዲ በ2014ቱ ጦርነት ቤታቸው ሲዘረፍ አብሮ ሄደ። አሁን አንድ በአንድ እንደገና እየሰበሰቡ ናቸው። እናም ይሄን ፊልም ሲያዩ ዴካቸው የተበላሸ መሰላቸው፤ እሱንም ተሸክመው መጡ።

«እስቲ እየው ልጄ፣ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፣ የሚያወራው ሰው ግን አይታየኝም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዴክዎ ጤነኛ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ዲስኩን አወጣሁና ገለበጥኩት።

ይቺን ነገር ልብ በሉ። ፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ሆዱ እንደ መስተዋት ብርማ ነው። የመምህሩ ዲስክ ግን ብርሃን ሲያርፍበት ወይን ጠጅ ይላል። ያ ቀለም ባዶ ዲስክ ላይ የሚቀባው ነው፤ በርን ሲደረግ ሌዘሩ የሚጽፈው እሱ ላይ ነው። ከላይ በኩል የተለጠፈው ስቲከር ደግሞ ጠርዙ ላይ መነሳት ጀምሯል። ጥፍሬን ብሰድበት ተላጠ፤ ከሥሩ ነጭ ባዶ ዲስክ ብቅ አለ።

ላፕቶፕ ውስጥ ስከተው «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ፎልደር መጣ። ያ የዲቪዲ ፎልደር ነው። ብሉ ሬይ ቢሆን «ቢዲኤምቪ» የሚል ነበር የሚመጣው። ነገሩማ ላፕቶፕ እንኳ አያስፈልገውም። የመምህሩ ዴክ ተራ የዲቪዲ ዴክ ነው፤ ያለው ቀይ ሌዘር ብቻ ነው። ብሉ ሬይ የሚነበበው በሌላ ሌዘር ነው፤ ስሙም የመጣው ከሰማያዊው ብርሃን ነው። ስለዚህ ሻጩ «በማንኛውም ዴክ ይሠራል» ካላችሁ ብሉ ሬይ እንዳልሆነ በገዛ አፉ ነገራችሁ ማለት ነው። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈውም ይኸው ነው።

ፎር ኬ የሚለውማ ጨርሶ አያስኬድም። ተራ በርን የሚደረግ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋ ነው። ብሉ ሬይ 25 ወይም 50 ይይዛል፤ የፎር ኬ ዲስክ እስከ 100 ጊጋ ይደርሳል። ዲቪዲ እኛ አገር በምንጠቀምበት አሠራር ከላይ እስከ ታች 576 መስመር ምስል አለው። ፎር ኬ 2,160 ነው። ይሄን የሚያህል ልዩነት በስቲከር አይሞላም።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ፤ ወደ መቆረጡ።

ፊልሙን ለማታውቁት፣ በፈረንጆች 1965 የወጣ የእንግሊዝ የስለላ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ፉሪ ነው። ማይክል ኬን ወፍራም መነጽር አድርጎ ሃሪ ፓልመር የሚባለውን ሰላይ ይሠራል። ፕሮዲውሰሩ ሃሪ ሳልዝማን የጄምስ ቦንድን ፊልሞች ከሚሠሩት ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ነበር። ሙዚቃው የጆን ባሪ፣ የቀረጻ ቦታዎቹ ዲዛይን የኬን አዳም ነው፤ እነሱም የቦንድ ሰዎች ናቸው። ፓልመር ግን ቦንድ አይደለም። ሱቅ ገብቶ አስቤዛ ይሸምታል፣ ምግቡን ራሱ ይሠራል፣ የደመወዝ ጭማሪ ይጠይቃል። ፊልሙ ሲጀምር ከእንቅልፉ ተነስቶ ቡናውን ራሱ ፈጭቶ ያፈላል። እኔ በበኩሌ ከዚያች ቡና ጀምሮ ነው የወደድኩት።

ውበቱ ያለው ግን ቀረጻው ላይ ነው። ካሜራማኑ ኦቶ ሄለር ሰውን ፊት ለፊት አያሳይም። ከመብራት ኋላ፣ ከሰው ትከሻ በላይ፣ ከታች ከወለሉ አንጋጦ ያሳያል። ግማሹን ስክሪን ጥላ ይይዘዋል፤ የሚናገረው ሰው ጥጉ ላይ ትንሽ ሆኖ ይቀመጣል። እኛም ተደብቀን የምንሰልል ነው የሚመስለን። ሮያል አልበርት ሆል ደጃፍ ላይ አንድ ድብድብ አለ። ድብድቡን የምናየው ከቀዩ የስልክ ቤት ውስጥ ሆነን፣ በመስኮቱ ፍርግርግ መሃል ነው። ሁለት ሰዎች ደረጃው ላይ ይደባደባሉ፤ እኛ ጋ የሚደርሰው በመስታወቱ በኩል የሚታየው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከዳር ሲቆረጥ ምን ይቀረዋል?

ፊልሙ ቴክኒስኮፕ በሚባል ዘዴ የተቀረጸ ነው። የምስሉ ወርድ የቁመቱ 2.35 እጥፍ ነው። የቤታችን ፍላት ቲቪ ወርዱ ከቁመቱ 1.78 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊልሙ በትክክል ሲታይ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይኖረዋል። ያ መስመር የቲቪ ብልሽት አይደለም። ብዙ ደንበኛ «ይቺን ጥቁር አጥፋልኝ» እያለ ይመጣል፤ ሁሌም የምመልሰው ይሄንኑ ነው። መስመሩን ለማጥፋት ምስሉን ማሳደግ ግድ ነው፤ ሲያድግ ከግራና ከቀኝ ተደምሮ ሩብ ያህሉ ይቆረጣል። መምህሩ ድምፁን ሰምተው ሰውየውን ያጡት ለዚህ ነው። ሰውየው በተቆረጠው ሩብ ውስጥ ቀርቷል።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ረጋ ብሎ ነው ያናገረኝ። «ወንድሜ፣ ጥቁሩን እኮ እኛ ነን ያስወገድንላችሁ፣ ፉል ስክሪን ነው» አለኝ። የመምህሩን ብር እንዲመልስ ስጠይቀው ስልኩን ዘጋው፤ ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ብሎክ አደረገኝ።

ሳጥኑ እንደሚያምር አልክድም። ካርቶኑ ጠንካራ ነው፤ ፊቱ ላይ ያ መነጽር በጥቁር ተስሏል። ውስጡ የታጠፈ ፖስተርና ትንሽ መጽሔት አለ። መጽሔቱን ግን አንብቡት፤ የመጨረሻው ገጽ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ያልቃል። «ከ500 ውስጥ ቁጥር 217» የሚል ካርድም አለው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወዳጄም ሳጥኑን ገዝቶ ነበርና ካርዱን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ጠየቅኩት። የሱም ቁጥር 217 ነው።

የዚህ ፊልም ትክክለኛ ብሉ ሬይ ውጭ አገር አለ። ዘመድ ሊያመጣላችሁ ከሆነ ግን ሪጅኑን፣ ማለትም ዲስኩ ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተሠራ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብሉ ሬይ ላይ አፍሪካና አውሮፓ «ቢ» ናቸው፣ አሜሪካ «ኤ» ነው። የአሜሪካው ዲስክ ለኛ የተሠራ ማጫወቻ ላይ እምቢ ሊላችሁ ይችላል። የፎር ኬ ዲስክ የሪጅን ጣጣ የለበትም፤ ማጫወቻው ግን ለብቻው ነው፣ ውድም ነው።

እዚህ ከምታገኙት ሻጭ ጋር ከሆነ ዲስኩን በእጃችሁ ሳትገለብጡና ሳታጫውቱ አምስት ሳንቲም አትክፈሉ። «ዕቃው ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ደርሷል፣ ግማሹን በቴሌብር ላክና ላውጣልህ» የሚለው ወሬ መምህሩም ወዳጄም የተነገራቸው ነው፤ ቃል በቃል አንድ ነው። አየር ማረፊያ የደረሰ ዕቃ የለም፤ ሳጥኑን ሁለቱም ያገኙት ከዚያው ከሻጩ ልጅ እጅ ነው። በሩቅ ካላችሁ፣ ሐይቅም ሁኑ መርሳ፣ የዲስኩን ሆድ በቪዲዮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። እምቢ ካለ ተዉት።

የገዛችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሳጥኑን አትጣሉት። የቴሌብሩን መልእክት አታጥፉ፤ ማስታወቂያውንም ሳይሰርዘው ስክሪንሾት አድርጉት። እኔና መምህሩ ይሄንኑ ይዘን ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክተናል። እዚያ ያሉት ባለሙያ ሌሎች ገዢዎችም ካሉ ስማቸውን አስገቡ ብለውናል።

ልጁ አሁን የፓልመርን ሁለተኛ ፊልም በዚሁ ዓይነት ሳጥን «በቅርብ ቀን» እያለ ቀብድ መሰብሰብ ጀምሯል። ወልድያና ከሚሴ ያላችሁ፣ ከዚህ ሳጥን የገዛችሁ ካላችሁ የካርዱን ቁጥር በፎቶ ላኩልኝ። ሌላ 217 ከተገኘ ከማመልከቻው ጋር አያይዘዋለሁ።