«በዘጠኝ ይካፈላል?»፦ ለአንድ አዛውንት የሂሳብ ባለሙያ ምስጋና

ባለፈው ሳምንት የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ የቋሚነት ደብዳቤ ተቀበልኩ። ደብዳቤውን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አክስቴ ቤት አይደለም፤ ሰንጋ ተራ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለች፣ ግድግዳዋ ሁሉ በማኅደር ወደተሸፈነ ጠባብ ቢሮ ነው። የሂሳብ መዝገብ አያያዝን ያሠለጠኑኝ ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና፣ «በእኛና በፈረንጁ ቀን መካከል የአንድ ቀን ስህተት አለበት፤ አስተካክሉልኝ በያቸው» አሉኝ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ» ያሉኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ለእሳቸው ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ አስምለውኛል፣ «ሰልፍ አታምጪብኝ» ብለው። የምር የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፤ ለምን እንደሚፈልጋቸው ከነገረኝ መንገዱን አሳየዋለሁ።

እኔ በአካውንቲንግና ፋይናንስ የተመረቅኩት በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ግዴታ በሆነበት በመጀመሪያው ዓመት። ፈተናውን አለፍኩ፤ ጋውን ለብሼ ፎቶ ተነሣሁ፤ እናቴ ድፎ ዳቦ ደፍታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ከዚያ ሻንጣዬን ይዤ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ መጣሁ። አራት ኪሎ ያሉትን የማስታወቂያ ሰሌዳዎች የማያውቅ ሥራ ፈላጊ የለም። በጠዋት ሄጄ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ አነባለሁ፦ ቢኤ ዲግሪ በአካውንቲንግ፣ ልምድ 2 ዓመት፣ ፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌር) የምትችል። ልምድ 0 ዓመት የሚል ሲገኝ ደግሞ የነጥብ ገደብ አለው፤ ገደቡን ያለፈው ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ተሰልፏል።

ከስምንት ወር በኋላ አንድ አስመጪ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ስለ ዴቢትና ክሬዲት ሌሊቱን ሳጠና አድሬ ነበር። የፋይናንስ ኃላፊዋ ግን ከመሳቢያቸው ሁለት ደረሰኞች አውጥተው ፊቴ አስቀመጡና፣ «የትኛውን ትመዘግቢያለሽ? የትኛውንስ ለሻጩ ትመልሻለሽ?» አሉኝ። ለእኔ ሁለቱም ያው ደረሰኝ ነበሩ። አንደኛው የገዢው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያልሰፈረበት እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። አራት ዓመት ሙሉ «ድርጅቱ በ50,000 ብር ዕቃ ገዛ» የሚል ዓረፍተ ነገር እየተሰጠኝ መዝግቤያለሁ፤ ዕቃው መገዛቱን በምን እንዳወቅን የጠየቀኝ አልነበረም። ለተግባር ልምምድ የተላክሁበት መሥሪያ ቤትም አንድ ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶኝ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ሞልቶ ሸኝቶኛል።

ጋሼን የጠቆሙኝ የአክስቴ ጎረቤት ናቸው፤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው፣ መዝገባቸውን የሚይዙላቸውም ጋሼ ናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው እዚያው ሰንጋ ተራ ያለው ኮሜርስ ተምረዋል። በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመ አንጋፋ ትምህርት ቤት ነው፤ እሳቸው ሲያወሩለት ከሂሳቡ ይልቅ የሚቀድመው የጽሕፈት መኪናው ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በባንክ ኦዲት ክፍል ሠርተዋል። አሁን ለትናንሽ ነጋዴዎች መዝገብ ይይዛሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ እንደ እኔ ዓይነቱን ከሁለት ከሦስት ሳያስበልጡ አስቀምጠው ያሠራሉ።

የመጀመሪያው ምሽት አይረሳኝም። የብስኩት ካርቶን አመጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት፤ ሙሉውን ደረሰኝ ነው። ከመካከሉ አንዲት ነጭ ቁራጭ ወረቀት መዘው፣ «ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ባዶ ወረቀት ነው፣ ጋሼ።»

«የ18,400 ብር ሲሚንቶ ነው» አሉ።

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የሚያትመው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ነው። ባለሱቁ ደረሰኙን የመኪናቸው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ትተውት ጽሑፉ ጠፍቷል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ደግሞ ግብር ሲሰላ እንደ ወጪ አይያዝም፤ ሰውየው ሲሚንቶውን ገዝተውታል፣ ሸጠውታል፣ ለግብር ግን ያልተገዛ ሲሚንቶ ሆኖ ቀርቷል። የጋሼ ቢሮ የመጀመሪያ ሕግ ከዚህ ይነሣል፦ ደረሰኝ በገባበት ቀን ፎቶ ኮፒ ይነሣል፣ ከዋናው ጋር ይያያዛል። ፎቶ ኮፒ ማንሣት የተማርኩት በከንቱ አልነበረም ብዬ በልቤ ሳቅኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል ደረሰኝ ከመለየት በቀር ምንም አላሠሩኝም። ቀጥሎ የባንክ ማስታረቅ፣ ማለትም የሱቁን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማገጣጠም መጣ፤ አበሳዬን ያየሁትም እዚህ ነው። የባንኩ መግለጫ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የሱቁ መዝገብ በእኛ። ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምረው የበጀት ዓመት በባንኩ ወረቀት ላይ ጁላይ 8 ሆኖ ወሩን መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ቀኖቹን እንደምንም አገጣጠምኩ፤ ሆኖም 2,700 ብር አልገጥም አለኝ። ሦስት ምሽት ፈለግኩ። እያንዳንዱን ቼክ በእርሳስ ምልክት እያደረግኩ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሄድኩ። በሦስተኛው ምሽት ጋሼ ሻያቸውን እየጠጡ፣ ወረቀቴን እንኳ ሳያዩ፣ «በዘጠኝ ይካፈላል?» አሉኝ።

አካፈልኩ። 300።

«እንግዲያው ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል። ለ900 አካፍዪው።»

3 መጣ።

«በሺህ ቤትና በመቶ ቤት ያሉት አሃዞች ልዩነታቸው ሦስት የሆነውን ብቻ እዪ።»

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የ8,500 ብር ቼክ በመዝገቡ 5,800 ተብሎ ሰፍሯል። የጻፍኩት እኔው ነኝ። በዚያ ምሽት አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅኩ ቤቴ ገባሁ፤ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደራሳቸው ሳብ አድርገዋል።

ጋሼ ምላሳቸው የሚያሳርፍ አይደለም፤ ይህን ደብቄ ባመሰግናቸው ውሸት ይሆንብኛል። አንድ ጊዜ የስድስት ሠራተኞችን ደመወዝ ስሠራ የጡረታ መዋጮውን በሙሉ ከሠራተኞቹ ቆረጥኩ። 7 በመቶው የሠራተኛው፣ 11 በመቶው የአሠሪው መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ በፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። በጥድፊያ 18ቱን አንድ ላይ ቀነስኩት። ወረቀቱን መልሰው ወረወሩልኝ። «እነዚህ ስድስት ሰዎች ልጆች አሏቸው። አንቺ እስክታርሚው ማን ያበድራቸው?» አሉ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ወጥቼ አረምኩት። ከዚያ ወዲህ የደመወዝ ወረቀት ላይ ከአኃዙ በፊት ስሙን አነባለሁ።

ብዙ ሰው ስለ ሙያው ተስፋ ይጠይቀኛል፤ በተለይ ዘንድሮ ትምህርት ክፍል የሚመርጡ የአጎቴ ልጆች። እኔም በዚያች ቢሮ እስክቀመጥ ድረስ ዲግሪው የሚያስገባው ወደ ባንክ መስኮት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባንክ መጥፎ ነው አላልኩም፤ ከ30 በላይ ባንኮች ባሉበት አገር ብዙ ጓደኞቼ እዚያ ገብተዋል፣ አንዳንዶቹም ከፍ ያለ ቦታ ደርሰዋል። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በታኅሣሥ 2017 ሲጸድቅ ደግሞ የሰለጠነ ሰው ለማግኘት ፉክክሩ እንደሚጨምር ጋሼ በእርግጠኝነት ይናገሩ ነበር። ይበልጥ የሚያስደስታቸው ግን ሌላ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ድርጅቶች ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፍ የሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች መሠረት እንዲያዘጋጁ ተጠይቀዋል። ያንን ሪፖርት የሚሠራ፣ ሌላው የሠራውንም የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። በጥር 2017 የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው ሥራ ሲጀምር ጋሼ ሬዲዮኑን ድምፁን ከፍ አድርገው፣ «አሁን አክሲዮን የሚገዛው ሰው መዝገቡን አሳዩኝ ይላል። የምታሳዪው አንቺ ነሽ» አሉኝ። የዕድሜዬን ግማሽ ያሳለፍኩበት ትምህርት ለምን እንደሚጠቅም እንዲህ ባጭሩ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ኤሲሲኤ የሚባለውን የእንግሊዞች የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ያስጀመሩኝም እሳቸው ናቸው። 13 ፈተናና የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ በአካውንቲንግ የተመረቀ ሰው ከተወሰኑት ፈተናዎች ነፃ ሊሆን ይችላል። ክፍያው በፓውንድ በመሆኑ፣ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለአንድ ፈተና የሚከፈለው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኖብኛል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ብቻ እየወሰድኩ በቀስታ እሄዳለሁ። በአንድ ነገር ግን ከጋሼ ጋር አልስማማም፤ ማርኬቲንግና ሎጂስቲክስ የተማረውን «የወሬ ዲግሪ» ይሉታል። አሁን በምሠራበት ድርጅት ዕቃ ከጅቡቲ በወቅቱ ባይወጣ ኖሮ እኔ የምመዘግበው ነገር አይኖርም ነበር። ይህን ነግሬያቸው፣ «ደረሰኙን ይዞ ይምጣ፣ ያኔ አምነዋለሁ» ብለው ዘጉት።

ለማን እንደምጠቁማቸው ልናገር። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት የሆናችሁ፣ ወይም ተመርቃችሁ ሰሌዳ የምታነብቡ፣ ትዕግሥት ካላችሁ ሂዱ። እኔ በሳምንት ለሦስት ምሽት በወር 1,000 ብር እከፍል ነበር፤ ሐምሌ ላይ ሥራ ሲበዛ ግን የከፈልኩትን መልሰው የቀን አበል አድርገው ሰጡኝ። ሰርተፍኬት አይሰጡም፣ በዚህ አትጨቅጭቋቸው። ሊፍት የለም፤ ቢሮዋ በክረምት ትበርዳለች፤ ሹራብ ያዙ። ሱቅ ወይም ትንሽ ድርጅት ያላችሁም ብትሄዱ አትጸጸቱም፤ የሚያስከፍሉትን መጀመሪያ ቀን ጽፈው ያስፈርሟችኋል፣ ከዚያ በላይ አይጠይቁም። «ሁለት መዝገብ ያዙልኝ፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለግብር» የሚል ነጋዴ ግን በሩን ባያንኳኳ ይሻለዋል፤ አንዱን በዓይኔ እያየሁ ደረጃውን አስወርደውታል።

ማኅደሮቹን በቁጥር ቀጥ አድርገው የሚይዙትን፣ እኔ ባጠፋሁ ቁጥር ሻይ ቀድተው ዝም ብለው አጠገቤ የሚያስቀምጡትን እትዬንም አመሰግናለሁ።

ጥቅምትን ግን ዝለሉት። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን የሚያሳውቁበት ጊዜ ጥቅምት 30 ስለሚዘጋ በዚያ ወር ስልክም አያነሡም፣ ሰላምታም አይመልሱም። ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሂዱ። ደረሰኝ ካላችሁ ከፀሐይ ከልላችሁ ያዙት።