ፑንቲና ወይስ ሲዲአይ?

ፒያሳ ላይ አሮጌ ሞተር ሳይክል አልነሳ ሲል መካሪ አይጠፋም። «ካንዴላ ቀይር!» ይሉሃል። መጀመሪያ ግን ለካንዴላው፣ ቤንዚኑን በብልጭታ ለሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ እሳቱን የሚሰጠው ምን እንደሆነ እወቅ። ሆንዳ ሲጂ 125ን ውሰድ፤ የድሮዎቹ ፑንቲና አላቸው፣ እየተከፈተ እየተዘጋ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መነካኪያ፤ ኋላ የመጡት ሲዲአይ፣ ይህንኑ ሥራ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ሳጥን።

ፑንቲና ሲደክም ምልክት ይሰጣል። መጀመሪያ ማስነሳቱ ይከብዳል፣ ከዚያ እየሄደ ይቆራረጣል። የሚነካካው አፉ ተቃጥሎ ወይም ዘይት ነክቶት ይሆናል። በስስ ብርጭቆ ወረቀት ጠርገህ ክፍተቱን ታስተካክላለህ፤ በብዙዎቹ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ ሲዛባ እሳቱ የሚመጣበት ቅጽበትም ይዛባል። አፉ ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ አፉ ላይ ብልጭታ እንዳይበዛ የሚከላከለውን ኮንዴንሰር ጠርጥር።

ሲዲአይ የሚፋተግ ነገር የለውም፣ ስለዚህ ማስተካከል የለም። ከሞተ ግን ሞተ ነው፤ ሳጥኑ የታሸገ ስለሆነ አይጠገንም። አዲስ ለመግዛት መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርደህ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ማጥፊያውን፣ ማሳውን (ከሻሲው ጋር የሚያያዘውን ሽቦ) እና የሽቦ መጋጠሚያዎቹን እይ። የክረምት ውሃ የሚገባው እዚያ ነው።

ለከተማ ምልልስ እኔ ሲዲአይን እመርጣለሁ። ራቅ ላለ መንገድ ግን ፑንቲና፤ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነገር አይናቅም።

ካንዴላው በደረቅ ጥላሸት ጠቁሮ ከወጣ ደግሞ ሁለቱንም ለጊዜው ተዋቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ቤንዚን ያበዛል።