ፓተርን ማውጣትን ከማን ልማር? ከልብስ ሰፊ፣ ከማሠልጠኛ፣ ከመጽሐፍ ወይስ ከኮምፒውተር?

መስፋት የሚችል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። በሰውነት ልክ ፓተርን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን ንድፍ፣ አውጥቶ የሚቆርጥ ማግኘት ግን ያስቸግራል። ልብስ የሚያምረውም የሚበላሸውም ጨርቁ ላይ መቀስ ከማረፉ በፊት ስለሆነ፣ ይህን ሙያ ለመማር ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለው ነው።

ለቀመር ብዙ አትክፈሉ። ክብ ጉርድ ቀሚስ ለመቁረጥ የወገብን ልክ ለ6.28 ማካፈል ይበቃል። ወገባችሁ 70 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከመሐል ነጥቡ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለክታችሁ የወገቡን ክብ ታዞራላችሁ። እንዲህ ያለው እውቀት በነጻ ሞልቷል። ከባዱ ሌላ ነው። የደረታቸው ዙሪያ 96 የሆነ ሁለት ሴቶችን አስቡ። አንደኛዋ ጡቷ ትልቅ፣ ጀርባዋ ጠባብ ነው። ሁለተኛዋ ጡቷ ትንሽ፣ ጀርባዋ ሰፊ ነው። ሜትሩ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ያወጣል። 96ን ለ4 አካፍላችሁ ፊቱንም ጀርባውንም እኩል ብትቆርጡ፣ የመጀመሪያዋ ሸሚዝ ከፊት ወደ ላይ ይሰቀላል። ሁለተኛዋ ደግሞ እጇን ወደ ፊት ስትዘረጋ ጀርባዋ ላይ ይወጥራታል። ይህን ልዩነት የሚይዘው የለመደ ዓይን ነው። ስለዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የቆረጥኩትን ገላ ላይ አይቶ የሚያርመኝ ሰው አለ ወይ?

ሰፊ ቤት እና ማሠልጠኛ

በዚህ ሚዛን ልብስ ሰፊ ቤት ይበልጣል። እዚያ በየቀኑ የሚገባው እውነተኛ ሰው ነው፤ አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ ሆዱ የወጣ፣ ጀርባው የጎበጠ። ጎበዝ ሰፊ ሜትሩን ሳያወጣ ደንበኛው ሲገባ ብቻ አይቶ የሚያውቀው ነገር አለ። ይህን ከወረቀት መማር በጣም ይከብዳል።

ችግሩ ብዙዎቹ ወረቀት ላይ አይሠሩም። በሳሙና ቁራጭ ጨርቁ ላይ ያሰምራሉ፣ ይቆርጣሉ፣ አለቀ። «ለምን እዚህ ጋ 2 ሴንቲ ቀነስክ?» ስትሉ መልሱ «እንዲህ ነው የሚሆነው» ሊሆን ይችላል። እጃቸው የሚያውቀውን አፋቸው አያስረዳም። ሌላው ችግር ለማጅ ቁልፍ ሲተክል፣ ሲተኩስና ጠርዝ ሲያጥፍ ወራት ሊያልፉበት መቻሉ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት መቀስ የምትይዙት መቼ እንደሆነ በግልጽ ተስማሙ። የወንድ ሱፍ የሚሰፋ ሰው ዘንድ ሄዳችሁም የሴት ቀሚስ እማራለሁ አትበሉ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ማሠልጠኛ የሚሻለው በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መሠረታዊው የደረት፣ የእጅጌና የጉርድ ፓተርን ወረቀት ላይ ይወጣል። ከዚያ ዳርቱን (ጨርቁ ገላውን እንዲከተል ታጥፎ የሚሰፋውን ቦታ) ከትከሻ ወደ ብብት ሥር ማዞር፣ ኮሌታ መሥራት፣ ጉርዱን ማስፋት እያለ ይቀጥላል። ምክንያቱን ስለምታውቁ ነገ አይታችሁት የማታውቁትን ዲዛይንም ከመሠረታዊው ፓተርን ማውጣት ትችላላችሁ። ግን ብዙ ቦታ የሚሠራው በተወሰነ የፋብሪካ ሳይዝ ነው፤ ልብሱም የሚለካው ማኔኪን ላይ ነው። ማኔኪን ትከሻው አይዘምም፤ ሲቀመጥም ወገቡ አይሰፋም። ስለዚህ ስትመዘገቡ እነዚህን ጠይቁ፦ በራሳችን ገላ ልክ አውጥተን በአቡጄዲ የሙከራ ልብስ ሰፍተን እንለካለን? ከሰዓቱ ምን ያህሉ ለመቁረጥ፣ ምን ያህሉ ለፋሽን ስዕል ነው? ስዕሉ የሚያምር ነገር ነው። ነገር ግን ዓላማችሁ ልክ የሚሆን ልብስ ከሆነ ክፍያችሁን ይበላዋል።

ዲግሪ ፈልጋችሁ ፋብሪካ ውስጥ መሥራት የምታስቡ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንዱ ነው። አሜሪካ ያላችሁ የኮሚዩኒቲ ኮሌጆችን የፓተርን ኮርስ፣ ጀርመን ያላችሁ ደግሞ የፎልክስሆክሹለን (የጎልማሶች ማስተማሪያ ተቋማት) የስፌት ትምህርት ተመልከቱ።

መጽሐፍ እና ቪዲዮ

መጽሐፍ ስትገዙ በስንት ልኬት እንደሚሠራ እዩ። ዋናው ልዩነት እዚያ ላይ ነው። አንዳንዱ ዘዴ ከጥቂት ልኬት ተነስቶ ሌላውን በሒሳብ ያወጣል። የጃፓኑ የቡንካ ዘዴ በተለመደው መልኩ የሚጠይቀው የደረት ዙሪያ፣ የወገብ ዙሪያና የጀርባ ርዝመት ብቻ ነው። ሌላው ዘዴ ትከሻውን፣ የጀርባውን ስፋት፣ ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍ ያለውን ርቀት፣ ሁሉንም ለየብቻ አስለክቶ ይጀምራል። ሰውነታችሁ ለመካከለኛው ቅርብ ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ብዙ ስላልለካችሁ ብዙ አትሳሳቱም። ከገበያ የገዛችሁት ልብስ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ግዙ፣ ልኬቱንም ሌላ ሰው ይውሰድላችሁ። ራስን መለካት ጀርባ ላይ ሁሌም ያሳስታል።

የሁለት መጽሐፍ ቀመር አትቀላቅሉ። ለመንቀሳቀሻ የሚተወው ትርፍ፣ ለማይለጠጥ ጨርቅ ደረት ላይ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ ዘዴ ትርፉን ቀመሩ ውስጥ ጨምሮታል፣ ሌላው በኋላ አስጨምሩ ይላል። ከቀላቀላችሁ ልብሱ ወይ ያንቃል ወይ ይንዘላዘላል።

ቪዲዮ ለማየት ጥሩ ነው። ዓረብ አገር ሥራ ላይ ሆና ስልክ ብቻ ላላት እህት ምናልባት ያለው አማራጭ እሱ ነው። የህንዶቹ ቪዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ በኢንች ስለሆኑ 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ መሆኑን ያዙ። የሚከፈልበት ኮርስ ከሆነ፣ የሙከራ ልብሳችሁን ፎቶ ልካችሁ አስተማሪው አስተያየት የማይሰጥበትን አትግዙ።

ሶፍትዌር

ፍሪሶውኢንግ በነጻ የሚሠራ ድረ ገጽ ነው። ልኬታችሁን ስታስገቡ የመረጣችሁትን ልብስ ፓተርን በልካችሁ ያወጣል። ልብሱን ታገኛላችሁ፣ ሙያውን ግን ብዙም አትማሩበትም። ሲምሊ ቱዲ እና ቫለንቲና የሚባሉትም ነጻ ናቸው። እነዚህ መሥመሩን ራሳችሁ እንድታወጡ ያደርጋሉ። መሥመሩን ከልኬት ጋር ስላያያዛችሁት፣ የሌላ ደንበኛ ልኬት ስታስገቡ ፓተርኑ አብሮ ይለወጣል። ፓተርን ማውጣት ለሚያውቅና ደንበኛ ላለው ሰው ትልቅ ሀብት ናቸው። ክሎ የተባለው ባለ 3 ገጽታው ፕሮግራም ግን በዶላር ይከፈልበታል፣ ጠንካራ ኮምፒውተርም ይፈልጋል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ስታትሙ መጠኑ 100 ፐርሰንት መሆኑን አረጋግጡ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን የመለኪያ አራት ማዕዘንም በማስመሪያ ለኩት። ኤ4 ወረቀት መገጣጠም ለሰለቸው፣ የሕንጻ ፕላን የሚያትሙ ቤቶች ፕሎተር፣ ማለትም ትልቅ ወረቀት ላይ የሚያትም ማሽን፣ አላቸው።

ሀበሻ ቀሚስ ለምታስቡ

የውጭዎቹ መጽሐፍትና ሶፍትዌሮች የሚያስቡት 115 ወይም 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን የፋብሪካ ጨርቅ ነው። ሸማ ከዚያ ይጠባል፣ ጠርዙም ይተረተራል፤ የስፌት ትርፉን ሰፋ አድርጉ። ጥለቱ ደግሞ ቀጥ ብሎ የተሸመነ ነው። ታቹ እየሰፋ ክብ የሚሠራውን ጉርድ ብትቆርጡ ጥለቱን ትቆርጡታላችሁ። ታቹን ቀጥ አድርጎ ስፋቱን ወገብ ላይ መሸብሸብ ያስፈልጋል። ይህን ለመማር ሽሮ ሜዳ ያለ ሰፊ ከየትኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል።

እኔ ብሆን

ሱቅ መክፈት ከሆነ ሐሳባችሁ አጭር ሥልጠና ወስዳችሁ ሰፊ ቤት ግቡ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ለራሳችሁና ለቤተሰብ ከሆነ አንድ ጥሩ መጽሐፍ፣ ወፍራም ቡናማ ወረቀትና ጥቂት ሜትር አቡጄዲ ግዙ። የተረፈውን ገንዘብ ለአንድ ጎበዝ ሰፊ ስጡ። ስፉልኝ አትበሉት። የሙከራውን ልብስ ለብሳችሁ ቁሙ፣ በእስፒል እየያዘ ያስተካክልላችሁ፣ ለምን እንደሆነም ይንገራችሁ። ቤት ስትመለሱ ያንኑ ማስተካከያ ወረቀቱ ላይ አስገቡ። አቡጄዲውን ደግሞ ሳትቆርጡ በፊት እጠቡና ተኩሱት፤ ይሰበሰባል።