ለሌቨር አክሽን ጠመንጃ መደገፊያ ልትገዙ ከሆነ ይሄን ሳታነቡ ካርዳችሁን አታውጡ

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ ሆናችሁ አደን የምትወጡ፣ ወይም ዘንድሮ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። ከ200 ዶላር በላይ አውጥቼ፣ በላዩ ላይ የጠመንጃዬን ሰደፍ አሰንጥቄ የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ። እናንተ በነፃ ተማሩት።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጠመንጃዬ ሠላሳ ሠላሳ የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ሌቨር አክሽን ነው። ለማታውቁት፣ ምላጩን ከሥር የከበበ እጀታ አለው። ከተኮሳችሁ በኋላ እጀታውን ወደ ታችና ወደ ፊት ትገፉታላችሁ፣ ቀለሁ ይወጣል፤ ስትመልሱት አዲስ ጥይት ይጎርሳል። የዊንቸስተር 1894 እና የማርሊን 336 አሠራር ይሄው ነው። እዚህ አገር ከአያት ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ መሣሪያ ነው፣ እኔም ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው የገዛሁት።

ኖቬምበር ላይ አደኑ ከመከፈቱ በፊት ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ነበረብኝ። ለዚህ ደግሞ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ መተኮስ ያስፈልጋል፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ የሳተው ሰውየው ይሁን ማነጣጠሪያው አይታወቅም። ኦንላይን ስፈልግ አንድ የብረት መደገፊያ አየሁ። ከፊት የጠመንጃው ማረፊያ አለው፣ ከኋላ ሰደፉን ግጥም አድርጎ የሚይዝ ኩባያ፣ ከሥር ክብደት የሚጫንበት ትሪ። ማስታወቂያው «ለማንኛውም ጠመንጃ ይሆናል፣ ርግጫ የለም» ይላል። 189 ዶላር ከፈልኩ፣ ማጓጓዣው 35። ፎቶው ላይ ክብደቱ ተጭኖበት ይታያል፤ ሳጥኑ ሲከፈት ግን ትሪው ባዶ ነው። 25 ፓውንድ የሚመዝን የእርሳስ ከረጢት ሁለት ለብቻዬ ገዛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሬንጅ፣ ማለትም የተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ሄድኩ። የመጀመሪያዋ ጥይት ደህና ሄደች፣ ትከሻዬም ምንም አልተሰማው። ደስ ብሎኝ እጀታውን ወደ ታች ስገፋው ቋ! አለ። ግማሽ መንገድ ላይ ከመደገፊያው ብረት ጋር ተጋጨ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ቀለሁ አልወጣም። ጥይት ለማጉረስ ጠመንጃውን ከመደገፊያው ማንሳት ግድ ሆነብኝ። አንስቼ ሳጎርስ አፈሙዙ ወደ ጎን ዞር አለ፤ አጠገቤ ሰው ነበር። የሬንጁ ኃላፊ እየሮጠ መጣና «አስቀምጠው!» አለኝ። ልክ ነበር። ምንም አልሆነም እንጂ ያቺን ደቂቃ ሳስባት እስካሁን ይጨንቀኛል። ዕቃው እጀታው ወደ ታች ለማይከፈት ጠመንጃ የተሠራ ነው፤ «ለማንኛውም ጠመንጃ» የሚለው ውሸት ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡና እጀታውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ከጠመንጃው ሆድ እስከ እጀታው ጫፍ በሜትር ለኩ። የእኔ 6 ኢንች ገደማ ይወርዳል። መደገፊያው እዚያ ቦታ ላይ ምንም ብረት ከሌለው ብቻ ነው የሚሆናችሁ። ሻጩን ቁጥሩን ጠይቁት። ካልመለሰላችሁ እለፉት።

የባሰው ግን ሰደፉ ነው። በዚያ ቀን እያነሳሁ እያስቀመጥኩ ሃያ ጥይት ያህል ተኮስኩ። ማታ ቤት ጠመንጃውን ስወለውል፣ ሰደፉ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ከብሎኗ ጀርባ፣ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር አየሁ። ዘይት መሰለኝና በጨርቅ ጠረግኩት። አልሄደም። ጥፍሬን ሳስኬድበት ያዝ አደረገኝ። ተሰንጥቋል።

ጠመንጃ ጠጋኙ ጋ ስወስደው ገና ከማየቱ «ክብደት ጭነህበት ነበር?» አለኝ። እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ስትተኩስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይራገጣል፣ ትከሻህ ደግሞ አብሮ እየሸሸ ያበርደዋል። 50 ፓውንድ ጭነህ ስታስረው ግን መሸሻ የለውም፤ ጉልበቱን በሙሉ እንጨቱ ይበላዋል። ሌቨር አክሽን ላይ ደግሞ እንጨቱ አንድ ወጥ አይደለም፣ የፊቱና የኋላው ለየብቻ ነው፤ የኋላው ከብረቱ ጋር የሚያያዘው በአንድ ረጅም ብሎን ሲሆን እዚያ ጋ ደግሞ እንጨቱ ስስ ነው። ርግጫው ጠፋ የሚሉን ወደ ሰደፉ ስለዞረ ነው እንጂ የትም አልሄደም።

ሌላም አለ። በዚያ ብረት ላይ ያስተካከልኩት ማነጣጠሪያ፣ ቁጭ ብዬ በእጄ ይዤ ስተኩስ 100 ያርድ ላይ 3 ኢንች ዝቅ ብሎ መታ። ለካ ማረፊያው የያዘው በጣም ወደ ፊት፣ በርሜሉንና ከሥሩ የተጋደመውን የጥይት ቱቦ የሚያስረው ቀለበት ላይ ነበር። የሌቨር አክሽን በርሜል ከሥሩ ሲነካ ጠባዩ ይቀየራል። ማስደገፍ ያለባችሁ የፊተኛውን እንጨት ነው፣ እሱንም ወደ መሃል ብረቱ ቀረብ አድርጋችሁ። በርሜሉን ወይም ቱቦውን በፍጹም።

ለሻጩ ስጽፍለት «የተተኮሰበት ዕቃ አንመልስም» አለኝ። ቀጥሎ በሁለት እግር መቆሚያ ልቀይርልህ አለ። እንዳትቀበሉ። የሁለት እግር መቆሚያ ጠመንጃው ፊት ላይ የሚጠለቅበት ነገር ይፈልጋል፤ አብዛኛው ሌቨር አክሽን እዚያ ያለው ያው ቀለበት ወይም የቱቦው ክዳን ነው፣ ስለዚህ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ያዳነኝ የማስታወቂያውን ፎቶ አንስቼ ማስቀመጤና በክሬዲት ካርድ መክፈሌ ነው። የተባለው ዕቃ እንዳልመጣ ለካርዱ ባንክ በጽሁፍ አመለከትኩ፣ «ለማንኛውም ጠመንጃ» የሚለውን አያያዝኩ። ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ሂሳቡ ያለበት የመጀመሪያው ቢል ከተላከላችሁ ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ ሻጩ «እናየዋለን» እያለ ጊዜውን እንዳያስበላችሁ። የመደገፊያው ብር ተመለሰ። የእርሳሱና የሰደፉ ወጪ ግን የእኔው ሆነ። በዜል (በባንክ አፕ ብር መላኪያው) ልኬ ቢሆን ኖሮ መከራከሪያ እንኳ አልነበረኝም።

አሁን የምጠቀመው አሸዋ ነው። የድሮ ጂንስ እግር ቆርጬ፣ አንድ ጫፉን ሰፍቼ፣ አሸዋ ሞልቼ ሌላውን ዘጋሁት፤ እንዲህ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ከረጢት ሠራሁ። ትልቁን ከረጢት እንጨት ላይ ከፍ አድርጌ ከፊት አስቀምጣለሁ፣ እጀታው እንዲከፈት ቦታ ያገኛል። ትንሹን ከሰደፉ ሥር አድርጌ በግራ እጄ ጨመቅ ሳደርገው አፈሙዙ ዝቅ ይላል፣ ስለቀው ከፍ። ሰደፉ ትከሻዬ ላይ ነው። ይረግጣል፣ ግን ሠላሳ ሠላሳ የማይቻል ርግጫ የለውም፤ ወፈር ያለ ጃኬት ይበቃል።

ጫካ ውስጥ ደግሞ ሁለት ባለ 4 ጫማ ዱላ ከላይ አካባቢ በጠፍር አስሬ እንደ መቀስ እከፍተዋለሁ። መሬት ቁጭ ብዬ ጠመንጃውን መገናኛው ላይ አሳርፋለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎሽ አዳኞቹም በዚህ ነበር የሚተኩሱት። ይሄ ጥይት የሚያዋጣው እስከ 150፣ ቢበዛ 200 ያርድ ነው፤ ለዚህ ርቀት ሁለት ዱላ በቂ ነው። ሁለቱም ነገር ተደምሮ 12 ዶላር አልፈጀም።

ጂንሱን ስትሰፉ ክሩን ድርብ አድርጉት፣ አሸዋውም ደረቅ ይሁን። እርጥብ አሸዋ ጠመንጃውን ያዝጋል።