በስቴንለስ የታደሱት የኮርቬት የኋላ ካሊፐሮች፦ ዕቃው ደህና ነው፣ አረፋው ግን አሳበደኝ

መኪናዬ የ1974 ሞዴል ኮርቬት ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ክረምቱን እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ቆማ ከርማ ሚያዝያ ላይ ላወጣት ስል የኋላው ግራ ጎማ በውስጥ በኩል በፍሬን ዘይት ርሷል። የዚህ መኪና የታወቀ በሽታ ነው። ከ1965 እስከ 1982 የተሠሩት ኮርቬቶች ካሊፐር (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ በሸራ ጨምቆ የሚያቆመው ክፍል) አራት ፒስተን አለው፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት ጉድጓድ ግን የሚዝግ ብረት ነው። ፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይስባል፣ መኪናው ሲቆም ጉድጓዱ ይዝጋል፣ ከዚያ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ መያዝ ያቅተዋል።

ስለዚህ ጉድጓዳቸው ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) የለበሰ ሁለት የታደሱ ካሊፐሮች አዘዝኩ። አሮጌዎቹን ስመልስ በመያዣነት ያስያዝኩትን ገንዘብ መልሰውልኛል። ሥራው ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ፒስተኑ በአውራ ጣት ሲገፋ ይገባል፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል።

ጉዱ የመጣው ከፍሬን ዘይቱ አየር ማስወጣት ላይ ነው። የፊት ካሊፐር አየሩ የሚወጣበት አንድ ማስተንፈሻ ብሎን ብቻ ነው ያለው፤ የኋላው ግን ሁለት፣ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ። የውጩን ለማግኘት ጎማው መውለቅ አለበት። የውስጡን ደግሞ መኪናው ሥር ተንጋለው፣ በዳበሳ። ብዙ ሰው አንዱን ረስቶ ነው «ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነብኝ» የሚለው።

እኔ አልረሳሁም። የረሳሁት ሌላ ነገር ነው። ብቻዬን ልጨርስ ብዬ በእጅ የሚሳብ የቫኪዩም ፓምፕ ገዛሁ። ስስብ አረፋ፣ ስስብ አረፋ። አንድ ሊትር የሚጠጋ ዘይት ፈሰሰ፣ አረፋው ግን አላለቀም። ሻጩን ስረግም ዋልኩ። ለካ አየሩ ከካሊፐሩ ውስጥ ሳይሆን በላላው ብሎን ጥርስ በኩል ፓምፑ ራሱ እየሳበው ኖሯል! ሃያ ዓመት ቁልፍ የያዘ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት።

ማታ ልጄን ጠራኋት። ወንበሩን ወደፊት ስባ ተቀመጠች።
«ርገጪ። ያዢ… እንዳትለቂ!»
«ይዣለሁ አባዬ፣ እግሬ ደነዘዘ።»
ብሎኑን ሩብ ዙር ፈታሁ፣ ቱቦው ጠርሙስ ውስጥ ዘይት ውስጥ ተነክሯል፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለና ዘጋሁ። ከቀኝ ኋላ ጀምረን፣ ካሊፐሩን በጎማ መዶሻ ቀስ አድርጌ እየመታሁ፣ አራቱንም ብሎን ሁለቴ ዞርናቸው። በ40 ደቂቃ ውስጥ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ።

አሁን ቅሬታዬ። በማግስቱ የግራው የውስጥ ብሎን ላብ አውጥቶ አገኘሁት። ስደውል «አጥብቀው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ብሎን በጉልበት ከጠበቀ ተቀንጥሶ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና ካሊፐር መግዛት ነው። ፈትቼ ሳየው ጫፉ ተፍቋል። ካሊፐሩን አድሰው ብሎኑን አሮጌውን መልሰውበታል ማለት ነው። የሁለት ዶላር ዕቃ! አዲስ ገዝቼ ቀየርኩት፣ ደረቀ።

ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ዲስኩን በዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ለኩት። ውልግድናው ከ0.005 ኢንች ካለፈ ዲስኩ በዞረ ቁጥር ፒስተኖቹን ወዲያ ወዲህ እየገፋ በጎሚኒው ጠርዝ አየር ያስገባል። ዛሬ የጠጠረው ፔዳል ከሳምንታት በኋላ ይሰምጣል፣ ስቴንለስም አያድናችሁም። የእኔ 0.003 ነው የወጣው።

ከአምስት አራት ኮከብ። የፊቶቹንም ከእነሱው አዝዣለሁ፣ ብሎኖቹን ግን ከሌላ ቦታ።